ያ ቢራ መምረሩ ጥፋት አይደለም፤ ቢፌ ላይ መክረሙ ነው

ጥያቄው ከደሴ የመጣ ነው። ጠያቂው እንዲህ ይላሉ፦

«ቤቴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። ወንድሜ ካሜሪካ ሲመጣ ስድስት ጣሳ ቢራ ይዞልኝ መጣ። አይፒኤ ይላል፤ አልኮሉ 8 በመቶ ነው። ውድ ነው ስላለኝ ለበዓል ብዬ ቢፌ ላይ ደርድሬ አራት ወር አቆየሁት። በበዓሉ ዕለት አንዱን ፍሪዘር ውስጥ ከትቼ ረሳሁት፤ በረዶ ሊሆን ሲል አወጣሁት። ስከፍተው ግማሹ አረፋ ሆኖ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። የተረፈውን ከጣሳው ስቀምሰው ኮሶ ነው። ሽታው ደግሞ ዝናብ የመታው ካርቶን። ከዶሮ ወጥ ጋር ስጠጣው ጭራሽ አፌን አቃጠለኝ። ጣሳው ላይ ያለው ቀን ገና አላለፈም። ይሄ ነገር ተበላሽቷል ወይስ ጌሾ አብዝተውበት ነው? የቀሩትን አምስት ጣሳዎች ምን ላድርጋቸው?»

የተለያዩ ነገሮች አንድ ላይ ተቀላቅለውብዎታል። ምሬቱ የቢራው ተፈጥሮ ነው፤ አይፒኤ የሚባለው መራራ የቢራ ዓይነት ነው። ጠማቂው አስቦበት፣ ለክቶ ያስገባው ነው። የካርቶኑ ሽታ ግን ከፋብሪካ አብሮት አልወጣም። እሱ የእርጅና ሽታ ነው። የአረፋው መገንፈል ሌላ ጉዳይ ነው፤ ፍሪዘሩና የደሴ ከፍታ ተባብረው ያመጡት ነው። አፍዎን ያቃጠለው ደግሞ ከዶሮ ወጡ ጋር መገናኘቱ ነው። ስለዚህ ቢራው አልተመረዘም፣ አይጎዳዎትም። ግን አርጅቷል። የቀሩትን አምስቱን ዛሬውኑ ከቢፌ አውርደው ፍሪጅ ውስጥ ያስገቧቸው። ምክንያቱን ከዚህ በታች እነግርዎታለሁ።

ከጌሾ ልጀምር። በአማርኛ ስለ ቢራ ስናወራ ሆፕ የሚባለውን ተክል «ጌሾ» ብለን እንተረጉመዋለን። ለመግባባት ይበቃል። ተክሎቹ ግን የተለያዩ ናቸው። ጌሾ ከጓሮ የሚቆረጥ ቁጥቋጦ ነው። ቅጠሉንና እንጨቱን ወቅጠን ጥንስስ ውስጥ እንዘፈዝፈዋለን፤ ቀን እየቆጠረ ምሬቱን ይለቃል። ሆፕ ሐረግ ነው። ገመድ ላይ እየተጠመጠመ ከ5 ሜትር በላይ ይወጣል። ለቢራ የሚፈለገው የሴቴዋ ተክል አበባ ብቻ ነው። አበባው አረንጓዴ ነው፤ ቅርፊቶቹ እንደ ዓሣ ቅርፊት ይደራረባሉ፤ ከአውራ ጣት አይበልጥም። አንዱን ለሁለት ከፍለው ቢያዩት ከቅርፊቶቹ ሥር ቢጫ ዱቄት ያገኛሉ። መዳፍዎ ላይ ሲያሹት ይጣበቃል፣ እንደ ሙጫ ይሆናል። ሽታው የብርቱካን ልጣጭ፣ የጥድ፣ አንዳንዴም የማንጎ ነው። ምሬቱም መዓዛውም ያለው እዚያ ቢጫ ዱቄት ውስጥ ነው። እጅዎን በሳሙና ታጥበው እንኳ ማታ ድረስ ይሸትዎታል።

ይህ ተክል ወሎ ውስጥ ለምን አይበቅልም ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። ሆፕ የሚወደው ከምድር ወገብ ርቆ ከ35 እስከ 55 ዲግሪ ያለውን ቦታ ነው። በሙቀቱ ወራት ረጅም ቀን ይፈልጋል፤ በቅዝቃዜው ወራት ደግሞ ብርድ መትቶት መተኛት አለበት። ደሴ 11 ዲግሪ ላይ ናት። የዓመቱ ረጅሙ ቀናችን 13 ሰዓት አይሞላም። ስለዚህ ኮምቦልቻ ያለውን ጨምሮ የአገራችን ቢራ ፋብሪካዎች ሆፕን ከውጭ ያስመጣሉ። የሚመጣውም አበባው ራሱ ሳይሆን ብዙውን ጊዜ ተፈጭቶ በእንክብል መልክ ነው።

አሁን ወደ ምሬቱ። ሆፕ ውስጥ ያለው የምሬት ንጥረ ነገር በቀዝቃዛ ውሃ በደንብ አይሟሟም። ከብቅሉ ውሃ ጋር መፍላት አለበት። ለአንድ ሰዓት ያህል ሲፈላ ቅርጹ ይለወጥና ይሟሟል፣ ይመራል። መዓዛው ግን ተቃራኒው ነው። ከፈላ ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። ስለዚህ ጠማቂው ሆፑን ከፋፍሎ ይጨምራል። ለምሬት የሚሆነውን ገና መፍላት ሲጀምር ያስገባል። ለመዓዛ የሚሆነውን እሳቱ ሊጠፋ ሲል ይጨምራል። እንደ እርስዎ ባለ ቢራ ላይ ደግሞ ሌላ ዙር አለ፤ ቢራው ቀዝቅዞ፣ እርሾው ሥራውን ሊጨርስ ሲል ወይም ጨርሶ፣ ብዙ ሆፕ ይዘፈዘፍበታል። ይህኛው ዘዴ ለጌሾ የምናደርገውን ይመስላል።

የምሬት መለኪያ አለ። አንድ ሊትር ቢራ ውስጥ ያለው የመራራው ንጥረ ነገር በሚሊግራም ይቆጠራል። እኛ የለመድነው ላገር የሚባለው ቀላል ቢራ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ባለው ውስጥ ነው። አይፒኤ ከ40 እስከ 70 ይደርሳል። 8 በመቶ አልኮል ያለው ጠንካራው ዓይነት ከዚያም ሊያልፍ ይችላል። እንግዲህ ምላስዎ ከለመደው ሦስት አራት እጥፍ ምሬት በአንድ ጊዜ ቀመሱ ማለት ነው። «ኮሶ ነው» ማለትዎ አይገርመኝም። ግን ምላስ ይለምዳል። ቡና ያለ ስኳር የሚጠጣ ሰው የመጀመሪያዋን ሲኒ እንዴት እንደጠጣት ያስታውስ። ስለ ቢራው በመጀመሪያው ጉንጭ አይፍረዱ። ሦስተኛው ላይ ይፍረዱ። እስከዚያ ምላስዎ ከድንጋጤው ይወጣል፤ ከምሬቱ ኋላ ያለው የፍሬ ጣዕምና የብቅሉ ጣፋጭነት መሰማት ይጀምራል።

አይፒኤ የሚለው ስም «ኢንዲያ ፔል ኤል» የሚለው ሲያጥር ነው፤ ከህንድ ጋር የተያያዘ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንግሊዞች ህንድ ላሉ ሰዎቻቸው በመርከብ ቢራ ይልኩ ነበር፤ ሆፕ የበዛበት ቢራ ረጅሙን ጉዞና ሙቀቱን የተሻለ ይቋቋም ነበር። አንድ የለንደን ጠማቂ ለዚያ ጉዞ ብሎ ፈጠረው የሚለው ታሪክ የተጋነነ ነው፤ ሆፕ የበዛበት ቢራ ከዚያም በፊት ነበረ። ዛሬ የምናውቀው ብርቱካንና ጥድ የሚሸተው ዓይነት አሜሪካዊ ነው። ካስኬድ የሚባለው የአሜሪካ ሆፕ ለገበሬዎች የቀረበው እኤአ በ1972 ሲሆን ትናንሽ ጠማቂዎች በሱ ብዙ ሠርተዋል። ይህን ታሪክ ያነሳሁት ለአንድ ምክንያት ነው። ብዙ ሰው «ህንድ ድረስ በመርከብ የቆየ ቢራ ቢፌ ላይ አራት ወር ቢቆይ ምን ይሆናል?» ይላል። ሆፕ ቢራን የሚያኮመጥጡ ባክቴሪያዎችን ያዳክማል፤ ያ እውነት ነው። ከመኮምጠጥ ጠበቀው ማለት ግን መዓዛውን ጠበቀለት ማለት አይደለም። የያኔው ጠጪ የሚፈልገው ያልኮመጠጠ ቢራ ነበር። እርስዎ ወንድምዎ ብዙ ብር የከፈለበትን መዓዛ ነው የሚፈልጉት።

ዋናው ነጥቤ እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ቢራ እንደ ውስኪ አይቀመጥም። የሚመስለው ተቆልቶ የተወቀጠ ቡናን ነው። ቡና ቆልተው፣ ወቅጠው፣ አራት ወር ቢፌ ላይ ያስቀምጡታል? አያስቀምጡትም። ቡናው አይመርዝዎትም፤ መዓዛው ግን ጥሎት ይሄዳል። አይፒኤም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ የሚሄደው የፍሬና የጥድ ሽታው ነው። ከዚያ ብቅሉ እየጎላ ማር ማር፣ የተቃጠለ ስኳር ስኳር ማለት ይጀምራል። ምሬቱ ይቀራል፤ ግን ለስላሳ የነበረው ሻካራ ይሆናል፣ ምላስ ላይ ይጎተታል። መጨረሻ ላይ ያ እርጥብ ካርቶን ይመጣል። ይህን የሚያመጣው ሲታሸግ ጣሳው ውስጥ የቀረ ጥቂት ኦክስጅን ነው፤ ሙቀት ደግሞ ሥራውን ያፋጥንለታል።

ሙቀት ምን ያህል እንደሚያፋጥነው ለማወቅ ጠማቂዎች የሚጠቀሙበት የእጅ ስሌት አለ። 32 ዲግሪ ላይ 3 ቀን፣ 22 ዲግሪ ላይ 30 ቀን፣ 3 ዲግሪ ላይ 300 ቀን፦ ሦስቱም ቢራውን በተቀራራቢ መጠን ያስረጁታል። ግምት ነው፣ ሕግ አይደለም። ግን ልዩነቱን በደንብ ያሳያል። የደሴ ብርድ ትንሽ ረድቶዎታል። ያው ጣሳ ኮምቦልቻ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ባለ ቤት አራት ወር ቢቀመጥ ኖሮ ከዚህ የባሰ ይሆን ነበር። እንደዚያም ሆኖ አራት ወር ብዙ ነው። ከዚያ በፊት አሜሪካ መደብር ውስጥ ስንት ጊዜ እንደቆየም አይታወቅም።

ቀኑ አላለፈም ያሉት ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። ጣሳ ላይ የሚጻፈው ቀን ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የታሸገበት ነው፣ ሌላው እስከዚህ ቢጠጣ ይሻላል የሚለው። ጽሑፉን ጠጋ ብለው ያንብቡት። አሜሪካኖች ወሩን ያስቀድማሉ፤ 03/07 ማለት እነሱ ዘንድ የሦስተኛው ወር ሰባተኛ ቀን፣ ማርች 7 ነው። እኛ ቀኑን አስቀድመን እናነብና ጁላይ 3 ነው ብለን እንሳሳታለን። ደግሞም «እስከዚህ ይሻላል» የሚለው ቀን የተሰላው በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጣል ተብሎ ነው። ቢፌ ላይ ለከረመ ቢራ ያ ቀን ትርጉም የለውም። ለአይፒኤ እኔ የምከተለው የታሸገበትን ቀን ነው። ፍሪጅ ውስጥ ከነበረ እስከ ሦስት ወር ደስ ብሎኝ እጠጣዋለሁ። ውጭ ከነበረ አንድ ወር ይበቃዋል። ተቀምጠው የሚሻሻሉ ቢራዎች አሉ፤ አልኮላቸው የበዛ ጥቋቁር ቢራዎችና አንዳንድ ኮምጣጣዎች። በሆፕ መዓዛ የሚኖር ቢራ ግን ከነሱ ውስጥ የለም።

ብርሃን ሌላው ጠላት ነው። የእርስዎ በጣሳ ስለሆነ ከዚህ ተርፏል። ጠርሙስ ከሆነ ግን ይጠንቀቁ። ፀሐይ ሆፕ ያለበት ቢራ ላይ ስታርፍ መራራው ንጥረ ነገር ይሰባበርና የሚከረፋ ሽታ ይፈጥራል። ነጭና አረንጓዴ ጠርሙስ ላይ ደቂቃዎች ሊበቁ ይችላሉ። ቡናማው በጣም ይከላከላል፤ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። ግሮሰሪ በር ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ሳጥን ውስጥ ያለ ቢራ አልገዛም። ይህ ለአገር ውስጡም ይሠራል።

ወደ ምንጣፉ እንምጣ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ብቻ ነው። ጣሳው ውስጥ ያለው ጋዝ አልተለወጠም፤ ውጭ ሆኖ የሚጫነው አየር ግን ቀንሷል። ስለዚህ ሲከፈት ጋዙ ቆላ ካለው በበለጠ ኃይል ይወጣል። ወንድምዎ በኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ መጥቶ ከሆነ ጣሳው ከዚያ ሐረጎን እየተጠማዘዘ ሌላ ስድስት መቶ ሜትር ገደማ ወጥቷል። ይህ ብቻውን ግን ምንጣፍ አያበላሽም። የባሰውን ያመጣው ፍሪዘሩ ነው። ቢራ መርጋት ሲጀምር አስቀድሞ በረዶ የሚሆነው ውሃው ነው። በረዶ ጋዝ አይዝም፤ ያስወጣዋል። የወጣው ጋዝ በቀረው ፈሳሽ ላይ ይታጨቃል። በዚያ ላይ ጥቃቅኖቹ የበረዶ ስንጥሮች አረፋ የሚፈለፈልባቸው ቦታ ይሆናሉ። ጣሳውን ሲከፍቱት ሁሉም በአንድ ጊዜ ገነፈለ። ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ጣሳው ራሱ ሊፈነዳ ይችል ነበር። ቢራ ፍሪዘር ውስጥ አይግባ። ከቸኮሉ በረዶና ውሃ የተሞላ ባልዲ ውስጥ ይንከሩት፤ በሩብ ሰዓት ገደማ ይቀዘቅዛል።

ፍሪዘሩ ሌላም ጉዳት አለው። በጣም የቀዘቀዘ ቢራ መዓዛውን አይለቅም። ምላስም ይደነዝዛል፤ የብቅሉ ጣፋጭነት ይጠፋና ምሬቱ ብቻውን ይቀራል። እኛ ቢራን «በረዶ የሆነ» ብለን ማዘዝ ለምደናል። ለቀላል ላገር ይሆናል። አይፒኤ የሚጠጣው ከ8 እስከ 10 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከፍሪጅ አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡት። ኮምቦልቻ ላይ 10 ደቂቃ ይበቃል፤ ደሴ ማታ ማታ ስለሚበርድ ሩብ ሰዓት ይስጡት።

ከጣሳው አይጠጡት። ይህን አጥብቄ ነው የምናገረው። የጣሳ አፍ ጠባብ ነው፣ አፍንጫዎ ደግሞ ብረት ላይ ነው የሚያርፈው። የዚህ ቢራ ግማሹ ደስታ በአፍንጫ ነው የሚገባው። የወይን ብርጭቆ ካለዎት እሱ ጥሩ ነው፤ ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ሰብሰብ ያለ ማንኛውም ብርጭቆም ይሆናል። ብርሌ አይሆንም፤ አንገቱ አፍንጫ አያስገባም። ብርጭቆው ቅባት እንዳይኖረው። ቅቤ በነካ እጅ የተያዘ ወይም ወጥ በጠረገ ፎጣ የደረቀ ብርጭቆ አረፋውን ወዲያው ይገድለዋል። በትንሽ ሳሙና አጥበው፣ በብዙ ውሃ አለቅልቀው፣ ደፍተው በአየር ያድርቁት። ሲቀዱ ብርጭቆውን ዘንበል አድርገው በጎኑ ያፍስሱ፣ ግማሽ ላይ ሲደርስ ቀና ያድርጉት። ሁለት ጣት የሚሆን አረፋ ይተዉለት። ንጹህ ብርጭቆ ከሆነ እየጠጡ ሲወርዱ አረፋው በየጉንጩ መስታወቱ ላይ ነጭ መስመር እየተወ ይወርዳል። ይህም የሆፑ ሥራ ነው፤ መራራው ንጥረ ነገር ከገብሱ ፕሮቲን ጋር ተያይዞ አረፋውን ያጸናዋል። ቢራው ደብዘዝ ካለ አይደንግጡ። ብዙ አይፒኤ ሳይጣራ ነው የሚታሸገው።

ስለ እጣን አንድ ነገር ልበል። በዓል ነበር ብለዋል። ቡና ተፈልቶ፣ እጣን ጨሶ፣ ቄጠማ ተጎዝጉዞ እንደነበር እገምታለሁ። ቤቱ እንዲያ ሲያውድ የደስታ ሽታ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ግን የሆፕ መዓዛ በእጣን ጭስ ውስጥ አይሰማም። ሁለቱም የሙጫና የጥድ ወገን ስለሆኑ አንዱ ሌላውን ይውጠዋል። ቢራውን እጣኑ ከመጨሱ በፊት ይክፈቱት፤ ወይም ሌላ ቀን ያድርጉት። እንዲያውም ለዚህ ቢራ በዓል አይመቸውም። ጸጥ ያለ የቅዳሜ አመሻሽ ይሻለዋል።

ዶሮ ወጡ ለምን አቃጠለዎት? አልኮል ራሱ በርበሬ የሚነካውን የአፍ ስሜት ይቀሰቅሳል። ጋዙም ይወጋል። ምሬቱ ሲጨመርበት ሦስቱ ተደምረው ቃጠሎውን ያጎሉታል። አንዳንድ ሰው ይህን ይወደዋል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ግን አልመክርም። ከዚህ ቢራ ጋር የሚስማማው ስብና ጨው ነው። ስብ ምላስን ይሸፍናል፣ ምሬቱ ደግሞ ስቡን ይጠርጋል። ጨው ምሬትን ያለዝባል። ሰባ ካለ የበግ ሥጋ ደረቅ ጥብስ ያሠሩ፤ ቃሪያውን ይቀንሱ፣ ሚጥሚጣውን ለብቻ ያስቀርቡት። ጥብሱ ጠርዙ ላይ ቡናማ ሲሆን ያለው ጣዕም ከብቅሉ ጋር ይዛመዳል። ጥብስ ከሌለ ጨው የነካው የተቆላ ለውዝ ይበቃል። አይብም ይሄዳል፣ ግን ጨው ጣል ይደረግበት። ከጣፋጭ ኬክ ጋር አይሞክሩት፤ ምሬቱ ይብሳል።

አሁን ስለ አልኮሉ። ሰዎች ጠንካራ፣ መራራና ጥቁር የሚሉትን ሦስት ቃላት አንድ ያደርጓቸዋል። አይገናኙም። ጥቁረት የሚመጣው ብቅሉ ከመቆላቱ ነው። ምሬት ከሆፕ ነው። ጥንካሬ ብቅሉ በዝቶ እርሾው ብዙ ስኳር ወደ አልኮል ሲለውጥ የሚመጣ ነው። የእርስዎ ቢራ ወርቃማ ቢሆንም ጠንካራ ነው። ሒሳቡን ልሥራልዎ። 330 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 5 በመቶ ከሆነ ውስጡ 13 ግራም ንጹህ አልኮል አለ። የአሜሪካው ትልቁ ጣሳ 473 ሚሊ ሊትር ነው፤ 8 በመቶ ከሆነ 30 ግራም ይሆናል። አንድ ጣሳ ማለት ሁለት ጠርሙስ ከሩብ ገደማ ነው። ሰውነት በሰዓት ከ7 እስከ 10 ግራም ያህል ነው የሚያስወግደው። ስለዚህ አንዲት ጣሳ ሙሉ በሙሉ ለመውጣት ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ትፈልጋለች። ቡና ጠጥቶም ሆነ ፊት ታጥቦ ይህን ማሳጠር አይቻልም። የእርስዎ ጣሳ መጠኑ ከጎኑ ተጽፏል፤ አይተው ያስሉት።

ከዚህ የሚከተል ጥንቃቄ አለ። አንድ ጣሳ ለሁለት ሰው ነው። ባዶ ሆድ አይሆንም። ከጠጡ በኋላ መሪ አይያዙ፤ በተለይ ሐረጎን ለመውረድ። ጓደኛዎ ኮምቦልቻ የሚመለስ ከሆነ ይደርልዎት፣ ወይም አይቅመስ። ሜትሮኒዳዞል የሚባለውን መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ ነፍሰ ጡርም፣ ጨርሶ አይጠጡት። ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው ነገር የጣሳው መልክ ነው። እነዚህ ቢራዎች ደማቅ ቀለምና የፍራፍሬ ሥዕል ይበዛባቸዋል፤ ለስላሳ ወይም ጁስ ይመስላሉ። ልጅ ፍሪጅ ከፍቶ ማንጎ ነው ብሎ ሊያነሳው ይችላል። የማይጠጣ እንግዳም በስህተት ሊቀዳለት ይችላል። ደሴ የሚጠጣውም የማይጠጣውም አንድ ማዕድ ላይ የሚቀመጥባት ከተማ ናት። ከላይኛው መደርደሪያ ከኋላ ያድርጉት፣ ለቤተሰቡም ይንገሩ።

እንግዲህ አምስቱን ጣሳዎች እንዲህ ያድርጉ። ዛሬ ፍሪጅ ውስጥ ያቁሟቸው፤ አያጋድሟቸው፣ በሩም ላይ አያድርጓቸው፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ይሞቃል። መብራት ቢጠፋ ፍሪጁን ዘግተው ይተዉት። አንዴ ቀዝቅዞ የሞቀ ቢራ ተበላሸ የሚባለው ትክክል አይደለም። የሚጎዳው ሙቀት ውስጥ የቆየበት ጊዜ ድምር ነው፤ ለጥቂት ሰዓት የጠፋ መብራት ምንም አያደርገውም። ከማስገባትዎ በፊት ግን እያንዳንዱን በእጅዎ ይዳስሱ። ታችና ላዩ ያበጠ ካለ ውስጡ እንደገና እየፈላ ሊሆን ይችላል። እሱን ለይተው በደንብ ያቀዝቅዙት፣ ፊትዎን አዙረው ከቤት ውጭ ይክፈቱትና ይድፉት።

በዚህ ሳምንት አንዱን በነገርኩዎት መንገድ ይክፈቱ። በብርጭቆ፣ ሩብ ሰዓት ጠብቀው፣ ከጥብስ ጋር። ከመጠጣትዎ በፊት ያሽትቱት። የብርቱካን ልጣጭ ወይም የጥድ ሽታ ካገኙ፣ ደከም ያለ ቢሆንም፣ የቀሩትን አራቱን በሁለት ሳምንት ውስጥ ይጨርሷቸው። ለሚቀጥለው በዓል አይባል። ማርና ካርቶን ብቻ ከሆነ የሚመለስ ነገር የለም፤ ማቀዝቀዝ እርጅናን ያዘገያል እንጂ አይመልስም። ያኔ ይድፉት፣ ምንም ቅር አይበልዎት። ወጥ ውስጥ ልጨምረው እንዳይሉ። ሲፈላ ውሃውና አልኮሉ ይሄዳሉ፣ ምሬቱ ይከማቻል፤ ሙሉ ድስት ያበላሻል።

በጌሾ ቤቴ ልሥራው የሚል ሐሳብም መጥቶብዎት ሊሆን ይችላል። ጌሾ ጥሩ ጠላ ይወጣዋል፤ የብርቱካንና የጥድ መዓዛ ግን አይሰጥም። ሆፕ አግኝተው ቢሞክሩ እንኳ ደሴ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ሆፑ ምሬቱን የሚለቀው ቀስ ብሎ ነው። በቆላ አገር የተጻፈ የአሠራር መመሪያ እንዳለ አይሠራልዎትም፤ ሆፑን ወይም የማፍያ ሰዓቱን መጨመር ያስፈልጋል።

ወንድምዎ እንደገና ሲመጣ ስድስት ጣሳ አያምጣ። ሁለት ይበቃል። ከመግዛቱ በፊት የጣሳውን ታች ፎቶ አንስቶ ይላክልዎት። የታሸገበት ቀን ከአንድ ወር ካለፈ ሌላ ይምረጥ። ከመደብሩ ሲገዛም ከመደርደሪያ ሳይሆን ከፍሪጅ ያውጣው፣ ሻንጣው ውስጥ በልብስ ይጠቅልለው። ደሴ እንደደረሰ አንድ ሌሊት ፍሪጅ ውስጥ ይረፍና በማግስቱ አመሻሽ ላይ አብራችሁ ክፈቱት።